ተሸናፊ ይነሣ

በአገራችን ብዙ አዋጅ ወጥቷል፤ አብዛኛውም በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ፣ ቁጥር ተሰጥቶት፣ አንባቢ ሳያገኝ ይኖራል። ያለ ቁጥርና ያለ ማኅተም፣ ያለ ፖሊስም ጭምር የሚከበር አንድ ሕግ ግን አለ። ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ ተሸናፊ ይነሣ። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ፣ እንደ ማንኛውም የአገራችን ከተማ ሁሉ፣ ከሱቆቹ ተርታ አንዷ ክፍል መጋረጃ ጥላ ከውስጧ "ጎ...ል!" የሚል ጩኸት ከተሰማ፣ ያቺ ጌም ቤት ናት፤ ሕጉም እዚያ እየተፈጸመ ነው። የተሸነፈው ጆይስቲኩን ያስረክባል፣ ከአግዳሚው ይነሣል፣ ሒሳቡንም ይከፍላል። የቢሮ ኃላፊ ልጅ ይሁን ሊስትሮ፣ የከተማ ልጅ ይሁን ከገጠር ስንቁን ጭኖ ቤት ተከራይቶ የሚማር፣ ሦስት ለባዶ ያው ሦስት ለባዶ ነው። ይግባኝ የለውም።

ጠጋ ብለው ካዩት ይህ ሕግ ሁለት ነገር በአንድ ትንፋሽ ይናገራል። አንደኛው፣ ግጥሚያ ያልቃል። ሁለተኛው፣ ጨዋታ ይቀራል፤ ተሸናፊው ሲነሣ ሲዲው እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነው፣ አግዳሚውም ለባለተራው እንደሞቀ ይጠብቃል። ለዓመታት ጆይስቲክ የጨበጠ እጅ የዓለሙን የጌም ንግድ ሲመዝን የሚደርስበት ፍርድ እንግዲህ ይኸው ነው፦ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይህን ሕግ እንደ ካልሲ ገልብጠውታል። በእነሱ ዘንድ ግጥሚያው አያልቅም፤ የሚያልቀው ጨዋታው ነው። ተጫዋቹ ከወንበሩ እንዳይነሣ በሺህ ዘዴ ይያዛል፤ ጨዋታው ግን አንድ ቀን ባለቤቱ ማጥፊያውን ሲጫን ድርግም ይላል። የሚያስቀው ደግሞ፣ ያ ገበያ ደጁን ያልከፈተላቸው ቢቸናና ሞጣ የጨዋታን የቀደመ ጠባይ ይዘው መቅረታቸው ነው። እጦት አንዳንዴ ሳያስበው ቅርስ ጠባቂ ይሆናል።

መጀመሪያ ዕቃውን እንይ። ፕሌይስቴሽን 2 እ.ኤ.አ. በማርች 2000 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ቀረበ። ሶኒ ከ160 ሚሊዮን በላይ ሸጦ በ2013 መጀመሪያ ማምረቱን ማቆሙ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ኮናሚ ያወጣው የእግር ኳስ ጨዋታ፣ ፔስ 2014፣ ለዚህ ማሽን ከተሠሩት ሲዲዎች የመጨረሻው ሆነ። ለአምራቹ ታሪኩ እዚህ ላይ ተዘጋ፤ ለጌም ቤት ግን ገና መንገድ ላይ ነው። ጆይስቲኩን አንሥተው ይመልከቱት፦ የግራው አናሎግ ላስቲኩ ተበልቶ አጥንቱ ቀርቷል፤ ጎል የሚመታበት ቁልፍ አራት ማዕዘን ምልክቱ ከመረገጥ ብዛት ተፍቋል፤ ገመዱ ከአንገቱ ላይ በፕላስተር ታስሯል። በዚህ ምክንያት በጌም ቤት ታሪክ በችሎታ ማነስ የተሸነፈ ሰው የለም። ወይ ጆይስቲኩ "ራሱ ይሄዳል"፣ ወይ ከመጋረጃው ቀዳዳ የገባችው ፀሐይ ቴሌቪዥኑ ላይ አርፋለች፣ ወይ ከኋላ የቆመው ተመልካች አፉን አልዘጋም። ሲዲው ሲቧጨር በሸሚዝ ጫፍ ይወለወላል፤ እምቢ ካለ የጥርስ ሳሙና ይቀባል፤ አሁንም እምቢ ካለ ማሽኑ በጎኑ ይቆምና ይለመናል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ችሎት ይሰየማል፦ ሁለት ለአንድ ሲመራ የነበረው "አልቋል" ይላል፣ ሲመራበት የነበረው "ከእንደገና" ይላል፣ የቤቱ ባለቤትም እንደ አገር ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠርጎ ይፈርዳል።

በፔስ 6 ውስጥ ቼልሲ "ለንደን ኤፍሲ"፣ ሊቨርፑል ደግሞ "መርሲሳይድ ሬድ" ይባሉ ነበር፤ ኮናሚ የክለቦቹን ስም ለመጠቀም ፈቃድ ስላልነበረው የጓሮ ስም አወጣላቸው። ለንደን ኤፍሲ የሚባል ክለብ በዓለም ላይ እንደሌለ እያወቀ ለእርሱ ሲል ድምፁ እስኪዘጋ የጮኸ ደጋፊ ግን ሞልቷል። ብራዚላዊው አድሪያኖም በዚያው ሲዲ ውስጥ የምት ኃይሉ 99 ተብሎ ተመዝግቧል፤ ኳስ ከግራ እግሩ ሥር ከገባች በረኛ ጸሎት እንጂ ሌላ መከላከያ የለውም። እውነተኛው አድሪያኖ ኳስ ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሲዲው አድሪያኖ ግን ዛሬም ይመታል፣ ነገም ይመታል፤ ማሽኑ እስከሠራና መብራት እስካለ ድረስ ማንም በደብዳቤ ሊያሰናብተው አይችልም። ጨዋታ ይቀራል ያልኩት ይህን ነው።

ይህ ጠባይ ከጃፓን በካርቶን ታሽጎ የመጣ እንዳይመስለን። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢዋ ከመቶ የሚበልጡ የአጨዋወት ዓይነቶችን ሰብስበዋል። ገበጣ የሚፈልገው መሬት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድና እፍኝ ጠጠር ነው፤ እረኛው ከብቱን ለመመለስ ሲነሣ ጉድጓዱ እዚያው ይቆየዋል። ሰንጠረዣችንም የራሱ ብልሃት ነበረው። መክፈቻው "ወረራ" ሲባል ሁለቱም ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ፣ እጅ ለእጅ እየተጋጩ፣ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ጠጠራቸውን ያስኬዱ ነበር፤ ተራ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። የኮምፒውተር ጨዋታ ሠሪዎች ያለ ተራ መጫወትን እንደ ግኝት ሲያወሩት የጎንደርና የጎጃም መኳንንት ነፍስ ይስቅ ይሆናል። ከሁሉ በላይ ግን "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚለው ብሂል አለን። ሩሩ እየተመታ ባለበት ሜዳ ጌታና አሽከር የለም፤ ዱላው ቅልጥም ቢያገኝም ቂም አይያዝም። ማዕረግ ከሜዳው ዳር ይቆማል፣ ግጥሚያው ሲያበቃ ባለቤቱ መጥቶ ያነሣዋል። የጌም ቤቱ ሕግ የዚህ ብሂል የልጅ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ታላላቆቹ እንሻገር። ኢኤ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፊፋ ጨዋታው ውስጥ "አልቲሜት ቲም" የሚባል አጨዋወት አስገባ። እዚያ ቡድንህን የምትሠራው እንደ ሎተሪ በታሸገ ፓክ በሚወጡ ተጫዋቾች ነው፤ በትዕግሥት እየተጫወትክ ታገኛቸዋለህ፣ ወይም በገንዘብ ትገዛቸዋለህ። በፓኩ ውስጥ ማን እንዳለ ሳትከፍተው አታውቅም። በቢቸና ጌም ቤት ሁለት ልጆች ሁለቱም ባርሴሎናን ቢመርጡ ሁለቱም ያንኑ ሜሲ ያገኛሉ፤ በአልቲሜት ቲም ግን ሜሲ የባንክ ካርድ ላለው ያዘነብላል። በገና ጨዋታ ጌታ አይቆጣም ነበር፤ እዚህ መቆጣትም አያስፈልገው፣ ገዝቶ ያሸንፋል። የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዲህ ዓይነቱን በገንዘብ የሚገዛ የዕድል ሣጥን ቁማር ነው ብሎ ፈረደ፤ ኢኤም በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ በዚያች አገር ሽያጩን አቆመ። ከዚህ ላይ ደግሞ ዕለታዊ ሽልማቱን ጨምሩበት፦ ዛሬ ካልገባህ ያልፍሃል፣ ነገ ካልገባህ የትናንቱም ይባክናል። ይህ ጨዋታ ሳይሆን የመዝገብ ፊርማ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ እንኳ እሑድ ያርፋል። ተሸናፊው አይነሣም፣ አሸናፊውም አይነሣም፤ የሚነሣው የኪስ ገንዘብ ብቻ ነው።

ተጫዋቹ እንዲህ ተቸንክሮ ሳለ ጨዋታው ራሱ ከሥሩ ይነሣል። ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው "ዘ ክሩ" የተባለ የመኪና ጨዋታ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም ነበር፤ በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ሲዘጋ፣ ሲዲውን በገንዘቡ ገዝቶ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጠው ሰው የቀረው መስተዋት የሚሆን ክብ ፕላስቲክ ነው። የሶኒው "ኮንኮርድ" ደግሞ ኦገስት 23 ቀን 2024 ተወልዶ ሴፕቴምበር 6 ቀን ተቀበረ። ልክ ሁለት ሱባኤ ኖረ ማለት ነው። እርግጥ ለገዢዎቹ ገንዘባቸው ተመልሷል፤ ጨዋታው ግን አልተመለሰም። የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡት ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ እንደማይገኙ አሳይቷል። ነገሩ ስለከፋ የካሊፎርኒያ ግዛት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ፣ በኢንተርኔት ጨዋታ የሚሸጥ ነጋዴ "ግዛ" ከማለቱ በፊት የሚሸጠው ፈቃድ እንጂ ንብረት አለመሆኑን እንዲያሳውቅ በሕግ አስገድዷል። በሞጣ ገበያ በሬ ሸጦ "የሸጥኩልህ በሬውን ሳይሆን የማረስ ፈቃዱን ነው፣ ሲያሰኘኝ እወስደዋለሁ" የሚል ነጋዴ ቢገኝ ጉዳዩ ካሊፎርኒያ ድረስ አይደርስም፤ እዚያው ገበያው ላይ ያልቃል።

ለእኛ አገር ይህ ሁሉ ቅንጦት አይደለም፤ ሥራ ላይ ሲውል ያየነው ፈተና ነው። የፕሌይስቴሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ኢትዮጵያን ከደንበኞቹ መዝገብ አላስገባም። እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሶኒ "ሄልዳይቨርስ 2" የተባለውን ጨዋታ በኮምፒውተር ለሚጫወቱ ሁሉ የዚህን አገልግሎት አካውንት ግዴታ ሊያደርግ ሲል፣ አገልግሎቱ በማይደርስባቸው ከ170 በላይ አገሮችና ግዛቶች ጨዋታው ከሽያጭ ወረደ፤ ግዴታው የቀረው ተጫዋቾች በቁጣ ስለተነሡ ነው። ዋጋውም አለ። 70 ዶላር የሚሸጥ አዲስ ጨዋታ፣ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ4,000 ብር ገደማ ተነሥቶ በወራት ውስጥ ከ8,000 አለፈ። ከሁሉም የጎላው ማስረጃ ግን የዐማራ ክልል ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ጠፋ። የዚያን ጊዜ መከራ ከጌም በእጅጉ ይከብዳልና በወግ አላቀለውም፤ ለነገራችን የሚሆነውን ብቻ ልውሰድ። በእነዚያ ወራት ኢንተርኔት ካልሸተተው የማይነቃ ዘመናዊ ጨዋታ በቢቸናም በሞጣም ሬሳ ነበር፤ የተቧጨረችው የፔስ ሲዲ ግን መብራት ባገኘችበት ሰዓት ሁሉ ፈቃድ ሳትጠይቅ ትሽከረከር ነበር።

እዚህ ላይ "አንተ ሰው፣ ያቺ የተቧጨረች ሲዲ እኮ ቅጂ ናት!" የሚል ሙግት ይነሣል። ሙግቱ ትክክል ነው፤ አልክደውም። በጌም ቤቶቻችን ከዞሩት ሲዲዎች አብዛኞቹ ከፋብሪካ የወጡ ሳይሆኑ በጥቁር እስክሪብቶ "ፔስ" ተብሎ የተጻፈባቸው ናቸው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996ም የሚናገረው ግልጽ ነው። የደከመበት ሠሪ ዋጋውን ማግኘት አለበት፤ ይህን የሚክድ ሰው የጎረቤቱን አዝመራ አጭዶ "ዝናቡ የእግዜር ነው" እንደሚል ገበሬ ነው። ግን ሁለት ነገር አብሮ ይታይ። መጀመሪያ ነገር፣ ሱቅ ያልከፈተ ነጋዴ ገዢ አጣሁ ብሎ ማልቀሱ ግማሽ ልቅሶ ነው። ሁለተኛው፣ ሕግ አክብሮ ሙሉ ዋጋ የከፈለው የዘ ክሩ ደንበኛ ባዶ እጁን ቀርቶ ባለቅጂው ሲጫወት መኖሩ፣ የኩባንያዎቹ አሠራር ታማኙን የሚቀጣ መሆኑን ያሳያል። የቅጂ መድኃኒቱ ታማኝነትን የሚክስ ሽያጭ ነው፦ በአገር ዋጋ፣ በአገር መክፈያ፣ ከገዙትም በኋላ ያንተው ሆኖ የሚቀር።

የወላጆች ክስ ከዚህ ይከብዳል። ጌም ቤት ተማሪን ከትምህርት ያስቀራል፣ ገንዘብ ያስይዛል፣ ቁማር ያስለምዳል ይላሉ፤ ክሱ ከባዶ የመጣ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች መዝገብ ከቁጥጥር የወጣ የጌም ልማድን እንደ ሕመም አስፍሯል። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም ለለበሰ ልጅ መጋረጃውን የሚገልጥ ባለ ጌም ቤት ተወቃሽ ነው፤ ሒሳቡን ከመክፈል አልፎ ብር የሚያስይዝ ግጥሚያም ቁማር እንጂ ጨዋታ አይባልም። ነገር ግን የጌም ቤት ጥፋት በር አለው፣ ሰዓት አለው፣ የሚጠየቅ ባለቤትም አለው። እናት መጋረጃውን ገልጣ ልጇን በጆሮው ይዛ ልታወጣው ትችላለች፤ ያንን ትዕይንት አድሪያኖም አያድነውም። ኪሱ ባዶ ሲሆንም ልጁ ራሱ ይነሣል። ስልክ ላይ ያለው ማብቂያ የለሽ ጨዋታ ግን ከብርድ ልብስ ሥር ይገባል፤ የእናት እጅ እዚያ አይደርስም። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው ከ18 በታች ለሆኑት የኢንተርኔት ጨዋታን በሳምንት ሦስት ሰዓት ብላ የወሰነችው፣ ግጥሚያው በራሱ አላልቅ ስላለ መንግሥት በአዋጅ እንዲጨርሰው ነው። ወላጆች ሆይ፣ ቁጣችሁን አልቀንስም፤ አድራሻውን ብቻ ነው ማስተካከል የፈለግኩት።

ሦስተኛው ተቃዋሚ ወጣቱ ነው፦ "ይህ የድሮ ናፍቆት ነው፤ አዲሱ ጨዋታ ምስሉ ሕይወት ያለው፣ ዋሽንግተን ያለው የአጎቴ ልጅ ከእኔ ጋር የሚገጥምበት ነው" ይላል። እውነት አለው። የፔስ 6 ተመልካቾች ከካርቶን የተቀደዱ ይመስላሉ፤ ሜሞሪ ካርዱ የጠፋበት ሰው የደረሰበትን ሐዘንም ማንም አይመኘውም። ባሕር ማዶ ካለ ዘመድ ጋር መጋጠምም በረከት ነው። ጥያቄዬ ስለ ምስሉም ስለ ኢንተርኔቱም አይደለም፤ ኢንተርኔት በረከት ይሁን እንጂ የጨዋታው ነፍስ መያዣ ለምን ይሆናል? አዲስ ሆኖ የድሮውን ሕግ ማክበር እንደሚቻል ማስረጃ አለ። "ኢት ቴክስ ቱ" የተባለው ጨዋታ ለሁለት ሰው ብቻ የተሠራ ነው፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጫወቱታል፣ ታሪኩም መጨረሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓመቱ ምርጥ ጨዋታ ተብሎ ተሸለመ፤ ያሳተመው ደግሞ ሌላ ሳይሆን ያው ፓክ ሻጩ ኢኤ ነው። መሥራቱን ያውቁበታል ማለት ነው፤ የሚያጠፉት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም።

ከእነሱ ይልቅ ተስፋዬ ወደ ቤት ያደላል። ከቢቸና ብዙም ሳይርቅ ዲማ ጊዮርጊስ አለ፤ እዚያ የቅኔ ተማሪ ቀኑን ሙሉ ቃል ሲገለባብጥ ይውላል፣ ማታ የቆጠረውን ለመምህሩ ያቀርባል፣ ስሕተት ከተገኘበትም ተቀምጦ ይታረማል። አዲስ አበባ ውስጥ ጨዋታ የሚሠራ አንድ ድርጅት ስሙን ቅኔ ጌምስ ብሎ መሰየሙ ደስ የሚለው ለዚህ ነው። "ኩኩሉ" በሚለው ጨዋታው ለዶሮ ወጥ የታጨች ዶሮ ከባለቤቷ ስታመልጥ ያሳየናል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። እንዲህ ላሉ የአገር ልጆች ከአንድ አሮጌ ተጫዋች የሚደርሳቸው ልመና አጭር ነው፦ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ፣ ገንዘብ ያለውን ከሌለው የማይለይና ማለቂያ ያለው ጨዋታ ሥሩልን። ለአንባቢም አንድ ነገር አለኝ። አልጋ ሥር አቧራ የጠጣ ፕሌይስቴሽን 2 ካለዎት፣ ቆራሌው በደጅዎ እየተጣራ ሲያልፍ አይስጡት። ሲዲዋን በሸሚዝዎ ጫፍ ወልውለው ይክተቱ፣ ጎረቤትዎን ይጥሩ፣ ከተሸነፉም ይነሡ።